የተገላቢጦሽ የሚጠመዘዝ ኳስ፤ በቦውሊንግ ጨዋታ ከልማድ ውጭ ስለሆነ አወራወር



በማናቸውም የጥገና ቤት ውስጥ ብሎን ሲጠብቅ ወደ ቀኝ፣ ሲፈታ ወደ ግራ መዞሩ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሮ ይኖራል። ይሁን እንጂ የብስክሌት የግራ ፔዳል ወደ ግራ በሚጠብቅ ብሎን ይታሰራል፤ የአሴቲሊን ሲሊንደር ማያያዣም እንደዚሁ የተገላቢጦሽ ነው። ፔዳሉ እንዲህ የተሠራው በሚረገጥበት ጊዜ ራሱን በራሱ እንዳይፈታ ሲሆን፣ ሲሊንደሩ ደግሞ ከኦክሲጅኑ ጋር በስሕተት እንዳይለዋወጥ ነው። ይህን ያልተረዳ ጀማሪ ቁልፉን ጨብጦ በለመደው አቅጣጫ ሲታገል ብሎኑን ይበልጥ ያጠብቀዋል፤ አለዚያም ጥርሱን ይበላዋል። ብሎኑ ግን ምንም ጉድለት የለበትም።

የዛሬው ንግግር ርእስ ከመካኒክስ ሳይወጣ ከሥራ ቦታ ወደ ጨዋታ ቦታ የሚሻገር ነው። በዐሥር ፒን ቦውሊንግ ከሚታዩት አወራወሮች መካከል አሠልጣኞች ገና ሲያዩት ፊታቸውን የሚያጨፈግጉበት አንድ አለ። ይኸውም ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተጫዋች የለቀቀው ኳስ፣ እንደ ተለመደው ወደ ግራ በመታጠፍ ፈንታ ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት ነው። ይህ አወራወር እውነተኛ ጉድለት ነው ወይስ እንደ ግራው ፔዳል የራሱ ቦታ ያለው ነገር ነው? ጥያቄው የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው ለዓመታት «ተሳስተሃል»፣ «ተሳስተሻል» እየተባለ፣ አንዳንዱም ክንዱን እስኪያመው ድረስ የተፈጥሮ እንቅስቃሴውን ለማፍረስ ሲደክም ኖሮአል፤ በመጨረሻም ጨዋታውን የተወ አለ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን በቅርብ ለማያውቁ አባላት መለኪያዎቹን ማስታወስ ይጠቅማል። ኳሱ ከሚለቀቅበት ክልክል መስመር እስከ ፊተኛው ፒን ድረስ ያለው ርቀት 60 ጫማ፣ ማለትም 18.29 ሜትር ነው። የመንገዱ ስፋት 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በ39 ጠባብ ጣውላዎች ይከፈላል፤ በግራና በቀኙም ቦይ አለ። የኳሱ ዲያሜትር 21.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ክብደቱም ከ16 ፓውንድ ወይም ከ7.26 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ተወስኖአል። እያንዳንዱ ፒን 38.1 ሳንቲ ሜትር ቁመትና ከአንድ ኪሎ ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ክብደት አለው። ዐሥሩ ፒኖች በሦስት ማእዘን ቅርጽ፣ ከመካከል እስከ መካከል 30.5 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ይቆማሉ።

ዐሥሩን በአንድ ምት ለመጣል፣ ይኸውም ስትራይክ ለማግኘት፣ የፊተኛውን ፒን ፊት ለፊት መምታት አይበጅም። ኳሱ በ1 ቁጥርና በ3 ቁጥር ፒን መካከል ባለው ክፍተት፣ ተጫዋቾች ኪስ በሚሉት ቦታ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አዘንብሎ መግባት አለበት። መልካም ስትራይክ ሲሆን ኳሱ ራሱ የሚነካው አራት ፒኖችን ብቻ ነው፤ እነርሱም 1፣ 3፣ 5 እና 9 ናቸው። የቀሩትን ስድስቱን ፒኖቹ እርስ በርሳቸው ይጥላሉ። ኳሱ በጣም ቀጥ ብሎ ከገባ ግን የፊተኞቹ ፒኖች ገፍተው ወደ ጎን ያስወጡታል፤ ወደ 5 ቁጥርም ሳይደርስ ያልፋል። የአሜሪካ የቦውሊንግ ማኅበር ያደረጋቸው ጥናቶች ለመግቢያ የተሻለው ማእዘን ወደ 6 ዲግሪ የሚጠጋ መሆኑን አሳይተዋል። ከቀኙ ቦይ አፍ ተነሥቶ ወደ ኪሱ በቀጥታ የሚሄድ ኳስ ግን 1 ዲግሪ ተኩል እንኳ አይሞላም፤ መንገዱ ጠባብና ረጅም ነውና። መጠምዘዝ ያስፈለገው ከዚህ የተነሣ ነው።

እግር ኳስ ተጫዋች ከማእዘን ሲመታ ኳሱን የሚያጣምምለት አየሩ ነው። በቦውሊንግ ይህን የሚያደርገው ወለሉ ነው። ከባድ ኳስ በተቀባ ወለል ላይ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚሄደው እየተንሸራተተ ነው፤ የሚሽከረከርበት አቅጣጫና የሚጓዝበት አቅጣጫ አይገጣጠሙም። ሰበቃ ሁለቱን ለማስታረቅ ኳሱን ወደ ጎን ይገፋዋል። የሰበቃው መጠን በሁሉም ቦታ እኩል ቢሆን የኳሱ መንገድ ፓራቦላ ይሆናል። ይህን በቢልያርድ ኳስ ላይ በስፋት የተነተነው ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ ነው፤ በ1835 ስለ ቢልያርድ የጻፈውን መጽሐፍ የሚያውቁ መሐንዲሶች ምናልባት ብዙ ላይሆኑ ይችላሉ፤ በስሙ የሚጠራውን ኀይል ግን ሁሉም ተምረውታል። በቦውሊንግ ላይ ደግሞ ሆፕኪንስና ፓተርሰን በ1977፣ ክሊፍ ፍሮሊክ የተባለው የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ በ2004 በአሜሪካ የፊዚክስ መጽሔት ላይ ስሌቱን አቅርበዋል።

የቦውሊንግ ወለል ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው 12 ሜትር ያህል ዘይት የተቀባ ነው፤ ሰበቃው በግምት 0.04 ነው። የቀረው 6 ሜትር ደረቅ ሲሆን ሰበቃው ወደ 0.2 ይደርሳል። ስለሆነም ኳሱ በዘይቱ ላይ በጥቂቱ ይጎብጣል፤ ደረቁን ሲያገኝ በኀይል ይታጠፋል፤ መንሸራተቱ ሲያበቃም በቀጥታ እየተንከባለለ ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በሁለት ሰከንድ ተኩል አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ። ኳሱን ወጥ ሉል አድርገን ብንወስደው፣ መንሸራተቱ ባበቃ ጊዜ የሚኖረው ፍጥነት ከመነሻ ፍጥነቱ አምስት ሰባተኛውና ከገጹ የመሽከርከር ፍጥነት ሁለት ሰባተኛው ተደምረው ነው፤ ሁለቱም እንደ አቅጣጫቸው ማለት ነው። ብርቱ ተጫዋች በሰከንድ 8 ሜትር፣ በደቂቃ 300 ዙር፣ አክሲሱንም 45 ዲግሪ አዙሮ ቢለቅ፣ የኳሱ ገጽ በሰከንድ 3.4 ሜትር ይሽከረከራል። ከዚህ ወደ ጎን የሚውለው 2.4 ሜትር ነው፤ የዚህም ሁለት ሰባተኛ 0.69 ይሆናል። ወደ ፊት የሚቀረው ፍጥነት 6.4 ስለሆነ ኳሱ ከመነሻው 6 ዲግሪ ያህል ታጥፎአል ማለት ነው። ክብደቱ በስሌቱ ውስጥ የለም፤ ተጣፍቶ ይወጣል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ከክብደቱ ሌላ የሌለ ነገርም አለ። ኳሱን የላከው የትኛው እጅ እንደሆነ የሚያመለክት ምንም ምልክት አይገኝበትም። መንገዱን በመካከሉ ለሁለት ብንከፍለው ግራው የቀኙ የመስተዋት ምስል ነው፤ የፒኖቹም አቋቋም እንዲሁ ነው፤ በተለመዱት ቤቶች ዘይቱም የሚቀባው ግራና ቀኙን አስተካክሎ ነው። በ1 ቁጥርና በ3 ቁጥር መካከል ኪስ እንዳለ ሁሉ በ1 ቁጥርና በ2 ቁጥር መካከልም ትክክል የሆነ ሌላ ኪስ አለ። ግራኝ ተጫዋቾች የሚመቱት እርሱን ነው፤ ኳሱ 1፣ 2፣ 5 እና 8ን ይነካል፤ ቀሪው እንደዚያኛው ነው። እንግዲህ በቀኝ እጅ የሚለቀቀው የተገላቢጦሽ ኳስ ለወለሉም ለፒኖቹም የግራኝ ኳስ ነው። ቋንቋችን «ግራ» የሚለውን ቃል ለመደናገርም ለጠማማ ነገርም ስለሚጠቀምበት፣ የቀኝ እጅ ባለቤት የግራኝ ኳስ ወረወረ ሲባል ስድብ ሊመስል ይችላል፤ በመካኒክስ በኩል ግን ነገሩ ይኸው ነው።

የብዙዎቹ ተጫዋቾች መከራ የሚመነጨው ከዚህ ላይ ነው። የሚሽከረከረው ኳሳቸው የግራኝ ሆኖ ሳለ፣ ዒላማቸው ግን ከአሠልጣኝና ከጓደኛ እንደ ሰሙት የቀኙ ኪስ ነው። ወደ ቀኝ እየታጠፈ የሚሄድ ኳስ በ1 እና በ3 መካከል ሲገባ፣ የ1 ቁጥር ፒን ጎን ደግሞ ወደዚያው ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ኳሱ ከፒኖቹ መካከል ሸሽቶ ይወጣል፤ 5 ቁጥርም ቆሞ ይቀራል። ተጫዋቹ እጁን ይወቅሳል፤ አሠልጣኙም ያጸናለታል። ያው ኳስ፣ በዚያው ጉልበትና በዚያው እጅ፣ ቆሞ የሚነሣበትን ቦታ ለውጦ በግራው ኪስ ቢገባ ኖሮ ውጤቱ ሌላ በሆነ ነበር። በአብዛኛው መታረም ያለበት ዒላማው ነው።

ይህ ሲባል ግን ሁለቱ አወራወሮች በሁሉም ረገድ እኩል ናቸው ማለት አይደለም። ወለሉ የመስተዋት ምስል ቢኖረውም የሰው ክንድ በአንድ በኩል ብቻ የተሰቀለ ነው። በተለመደው አለቃቀቅ አውራ ጣት መጀመሪያ ትወጣለች፤ መካከለኛና የቀለበት ጣቶች ከኳሱ በታችና በጎን ሆነው ወደ ላይ እየሳቡ ያሽከረክሩታል፤ የእጅ አንጓም ወደ ውስጥ ይዞራል። ከኋላ ሲታይ አውራ ጣት በሰዓት ገጽ ላይ 10 ቁጥር ወደ ተጻፈበት ታመለክታለች (በገጹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው፤ እንደ እኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት እንዳይባል)። በተገላቢጦሹ ግን መዳፍ ወደ ውጭ ተዘርግቶ አውራ ጣት ወደ 2 ቁጥር ታዞራለች፤ ክርን ከጎን ይርቃል፤ ጣቶችም ለመሳብ የሚያገኙት ጊዜ ያንሳል። በዚህ ሁኔታ ጉልበት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ይህንኑ በቁጥር ለማየት፣ በሰከንድ 6.5 ሜትር፣ በደቂቃ 150 ዙር፣ አክሲሱም 30 ዲግሪ ዞሮ የተለቀቀ የተገላቢጦሽ ኳስ እንውሰድ። የገጹ ፍጥነት 1.7 ሜትር ነው፤ ወደ ጎን የሚውለው 0.85 ብቻ፤ የመጨረሻው መታጠፍ 2.7 ዲግሪ ይሆናል። ከብርቱው ኳስ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ከቀጥተኛው ኳስ ግን እጥፍ ያህል ነው። ከዚህም በላይ ዝግ ብሎ የሚሄድ ኳስ በዘይቱ ላይ ብዙ ስለሚቆይ መንሸራተቱን ቀድሞ ይጨርሳል። በዚህ ምሳሌ ከዘይቱ ወጥቶ 2 ሜትር ያህል እንደ ሄደ መታጠፉ ያበቃል፤ የቀረውን 4 ሜትር በቀጥታ ይንከባለላል። ክብደትም ከስሌቱ ወጥቶ የነበረው እዚህ ላይ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ከፒኖቹ ጋር በሚደረገው ግጭት 5 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ኳስ 7 ኪሎ ከሚመዝነው ይልቅ በቀላሉ ከመንገዱ ይወጣልና ነው።

ሌላም ችግር አለ፤ በመማሪያ ጽሑፎች እምብዛም ሲነሣ አይታይም። ኳሱ የሚለቀቀው ከቀኝ ትከሻ ሥር ስለሆነ፣ ከሚንሸራተተው የግራ እግር በ17 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ ነው የሚያርፈው። ከላይ የተሰላው ኳስ እስከ ፒኖቹ ድረስ ወደ ጎን 38 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ቀጥ ብሎ ተለቅቆ የግራውን ኪስ እንዲያገኝ ከግራው ጠርዝ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጣውላ ላይ ማረፍ አለበት። በዚያን ጊዜ የተጫዋቹ እግር ከመንገዱ ስፋት ውጭ፣ በቦዩ አንጻር ይሆናል። መንደርደሪያው ከመንገዱ ሰፊ ስለሆነ ይህ አይከለከልም። ዳሩ ግን መንገዶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ኳስ የሚመለስበት ማሽን የሚቆመው በሁለቱ መካከል ነው። በጥንዱ የግራ መንገድ ላይ በነፃነት የሚንደረደር ተጫዋች በቀኙ መንገድ ላይ ማሽኑ ከግራ እግሩ አጠገብ ያገኘዋል። ግራኙ ግን ይህ አይገጥመውም፤ የእርሱ ክንድ ከእግሩ ወደ ግራ ነውና። የመስተዋቱ ምስል የሚሰነጠቀው በዚህ ነው፤ መድኃኒቱም ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቆሞ ኳሱን በመጠኑ ወደ ግራ መላክ ነው፤ በዚህም ከማእዘኑ ጥቂት ይጠፋል።

በአንጻሩ የሚገኝ ጥቅም አለ። አብዛኛው ሰው ቀኝ እጁን ስለሚጠቀም፣ ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ የቀኙ ዘይት በኳሶቹ እየተጠረገ ይለዋወጣል፤ ተጫዋቾችም ዒላማቸውን በየጊዜው ለማዛወር ይገደዳሉ። የግራው ወለል ግን ሳይነካ ይቆያል። የተገላቢጦሹ ወርዋሪ በዚህ ጸጥ ባለ ወለል ላይ ይጫወታል፤ ግራኞች ብዙ የሚታሙበትን ዕድል እርሱም ይካፈላል።

ከልማድ የወጣ አወራወር ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠቀሱ ሁለት ምሳሌዎች አሉ። አንደኛው ማሞ ወልዴ በማራቶን የወርቅ ሜዳልያ ባገኘበት በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ ጀርባውን ለእንጨቱ ሰጥቶ 2.24 ሜትር በመዝለል ያሸነፈው ዲክ ፎስበሪ ነው፤ ይህ ሰው ኋላ በሲቪል ምሕንድስና መመረቁ ለዚህ ጉባኤ ደስ የሚያሰኝ ነው። ሁለተኛው ኳሱን በሁለት እጁ የሚለቀው አውስትራልያዊው ጄሰን ቤልሞንቴ ነው። እርሱና ፊንላንዳዊው ኦስኩ ፓሌርማ ብቅ ባሉበት ጊዜ የሕፃን አወራወር ነው ተብሎ ብዙ ተቀልዶባቸዋል፤ ቤልሞንቴ እስከ 2023 ድረስ ከታላላቆቹ የባለሙያዎች ውድድሮች 15ቱን በማሸነፍ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሁሉ በልጦአል። እነዚህ ምሳሌዎች ግን ለተገላቢጦሹ ኳስ ማስረጃ ሆነው ሲቀርቡ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ፎስበሪ የሰውነቱን የክብደት ማእከል ዝቅ አድርጎ እንጨቱን ለማለፍ የሚያስችል ዘዴ አገኘ፤ ሁለተኛው እጅ ደግሞ ለኳሱ ከፍ ያለ የዙር ቁጥር ሰጠው። ሁለቱም አዲስ ጥቅም አምጥተዋል። የተገላቢጦሹ አወራወር እንዲህ ያለ አዲስ ኀይል አላመጣም፤ ያለውን መሣሪያ በሌላ በኩል የመጠቀም ዘዴ ነው። «ልማድን የጣሰ ሁሉ ቀዳሚ ነው» የሚል ክርክር ከመሐንዲስ አፍ ሊወጣ አይገባውም።

እንግዲህ ማን ይለውጥ፣ ማን ይተው? ገና ልጅ ሆኖ በውድድር ለመሠልጠን የሚፈልግ ሰው የተለመደውን አለቃቀቅ ቢማር ይሻለዋል፤ ጉልበቱ የሚያድገው በዚያ መንገድ ነው፤ ጊዜም አለው። ክርኑ ወይም አንጓው የሚያመው ማንኛውም ሰው፣ ወደ የትም ቢታጠፍ ኳሱ፣ አለቃቀቁን መመርመር ይገባዋል። በሳምንት አንድ ቀን ከባልደረቦቹ ጋር የሚጫወት፣ ክንዱ በተፈጥሮው ወደ ውጭ የሚዞር ሰው ግን ምን ዕዳ አለበት? ክንድ ሲዘረጋ በክርን ላይ የሚታየው ወደ ውጭ የማዘንበል ማእዘን ከሰው ሰው ይለያያል፤ በአማካይ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ሰፋ ይላል። ብዙ ሴቶች ያለ ማንም ትምህርት ኳሱን ወደ ቀኝ የሚያጥፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። እንዲህ ላለችው ተጫዋች በዓመት ተኩል ልፋት የሚገኘው ለውጥ፣ ወደ ግራ ጥቂት ጣውላ ተራምዳ ዒላማዋን በመለወጥ በአንድ ምሽት ከምታገኘው ሊያንስ ይችላል። የጨዋታው ሕግም ኳሱ ወደ የትኛው ጎን መታጠፍ እንዳለበት አይደነግግም።

ተርፈው የቆሙትን ፒኖች በመጣል ረገድ ሚዛኑ እንደ ገና ይለወጣል። የተለመደውን ኳስ የሚወረውር ቀኝ እጅ ተጫዋች 10 ቁጥር በቀኙ ጥግ ብቻውን ሲቆምበት ይጨነቃል፤ ኳሱ ወደ ግራ እየሸሸ ያልፈዋልና። ለተገላቢጦሹ ወርዋሪ ይህ ፒን ቀላል ነው፤ 3፣ 6 እና 10 በአንድ መስመር ሲቀሩም ኳሱ በዚያው አቅጣጫ ተከትሎአቸው ይሄዳል። በምትኩ 7 ቁጥር የእርሱ ፈተና ይሆናል። የተለመደውን አለቃቀቅ የሚጠቀም ጠንካራ ተጫዋች ለ10 ቁጥር ብቻ ብሎ የተገላቢጦሹን ቢማር አይነቀፍም፤ ቀጥ ያለና ጠንካራ ገጽ ያለው ሁለተኛ ኳስ መግዛት ግን ለአብዛኛው ሰው የሚቀለው መንገድ ነው።

የመጨረሻው ነገር ኳሱን ማስቀደድ ነው። የዘመኑ ኳሶች በውስጣቸው ልዩ ቅርጽ ያለው ከባድ እምብርት አላቸው፤ ቀዳጁ የጣቶቹን ቀዳዳ የሚያወጣው ያ እምብርት ከመሽከርከሪያው አክሲስ ጋር የሚኖረውን ግንኙነት አስልቶ ነው። ቀኝ እጅ መሆኑን ብቻ ሰምቶ የሚቀድ ባለሙያ አክሲሱን በተሳሳተው ጎን ይገምታል፤ የተገላቢጦሹ ወርዋሪ አክሲስ የሚገኘው በግራኝ በኩል ነውና። ስለዚህ ወደ ቀዳጁ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ኳሱ ወደ የት እንደሚታጠፍ መንገር፣ ቢቻልም በፊቱ ጥቂት ጊዜ ወርውሮ በኳሱ ገጽ ላይ የሚቀረውን የዘይት ቀለበት ማሳየት አለበት። ከዚያ በኋላ ቀዳጁ የጣቶቹን ልክ ከቀኝ እጁ ይወስዳል፤ የእምብርቱን አቀማመጥ ግን ለግራኝ እንደሚያደርገው ያደርጋል።